ሰባተኛዋ ቀስት

ሰው ስለ እኔና ስለ እህቴ የሚያወራው ታሪክ አንድ ነው፤ ታላቅየዋ ለታናሿ ስትል ዕድሏን ጣለች ይባላል። እናቴ ይህን ታሪክ ለጎረቤት፣ ለጥርስ ሐኪሟ፣ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣ ሰውዬ ሳይቀር ተርካዋለች። ስትተርክ ብዙ ጊዜ እዚያው ነበርኩ፤ አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ ጨዋ መስዬ። ታሪኩ ውሸት ነው። እኔ አልፈጠርኩትም፤ ዝም ነው ያልኩት። ዝም ማለቴ ከመዋሸት የተለየ እንዳልሆነ ለማወቅ ግን አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። እናታችን ገመድ ፋብሪካ ውስጥ ገማጅ ነበረች። ገመድ ሲገመድ ሳይታጠፍ እንደተዘረጋ መሆን ስላለበት የፋብሪካው መግመጃ አዳራሽ እንደ መንገድ የረዘመ ነበር፤ ከበሩ እስከ መጨረሻው ግድግዳ ሰማንያ ሜትር ይሆናል። አዲስ ማሽን መጥቶ ሥራው ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር አዳራሹ ባዶውን ቀረ። የፋብሪካው መካኒክ በወጣትነቱ ቀስተኛ ስለነበር አስፈቅዶ በአንደኛው ጫፍ ሁለት የገለባ ኢላማ አቆመ፤ የሠራተኛ ልጆችም ከትምህርት በኋላ እንድንመጣ ተነገረን። መጀመሪያ አሥራ አራት ነበርን። በዓመቱ ሁለት ቀረን፤ እኔና እህቴ። ስንጀምር እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ፣ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሕፃን ሳለች ወፍራም ስለነበረች ድንቡሽ ትባላለች፤ ዛሬ ሸንበቆ አክላ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም።

የእኛ ደጋን ጫፎቹ ወደ ፊት የተቆለመሙት፣ በዓለም ውድድር ላይ የሚታየው ዓይነት ነው። ኢላማው ሰባ ሜትር ርቆ ይቆማል። መሀሉ ቢጫ ነው፤ የቢጫው እምብርት አሥር ነጥብ ያስገኛል፤ ቀስቷ ወደ ዳር በወጣች ቁጥር ነጥቡ ይቀንሳል። ደጋኑ ላይ ቀስቷን ተደግፋ የምትቆም ቀጭን ብረት አለች። አውታሩ ተስቦ ልኩ ላይ ሲደርስ ብረቷ ጠቅ ትላለች፤ ያኔ ጣት ይለቃል። በአንድ ውድድር ሰባ ሁለት ጊዜ ጠቅ ትላለች፤ ስድስት ስድስት ቀስት እየወረወርን፣ በየመሀሉ እየሄድን ነጥብ እያስመዘገብን። ሥራው ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ የነርቭ ጉዳይ ነው።

አሰልጣኛችን፣ ያው መካኒኩ፣ ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ምክር ነበረችው፤ አታስቡ። ጭንቅላታችሁን በሩ ላይ ሰቅላችሁ ግቡ ይለን ነበር። ከበሩ ጀርባ የድሮ ሠራተኞች ካፖርት የሚሰቅሉበት ሚስማር ስለነበረ ድንቡሽ አንድ ቀን ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከትከሻዋ እንደምታወልቀው ሁሉ ታግላ ታግላ፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። እሱም ሳይስቅ፣ ጎሽ፣ አሁን ደግሞ እህትሽን አግዣት፣ የሷ ከባድ ነው አላት። እውነቱን ነው፣ የእኔ ከባድ ነበር። አንዲት ቀስት ሦስት ጊዜ ሳላስብባት አልለቅም ነበር። በዚህና ሳስብ ፊቴ ስለሚኮሳተር ድንቡሽ ኩርፊያ የሚል ስም አወጣችልኝ።

ከሁለቱ ኢላማ የግራው የእኔ ነበር። ታላቅ ስለሆንኩ መጀመሪያ መረጥኩ፤ በግራ በኩል መስኮት ስላለ ብርሃኑ ይሻላል። የቀኙ ለድንቡሽ ደረሳት። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያው ቆምን። የአዳራሹ ወለል ጣውላ ስለነበር ኋላ ኋላ የእግራችን ቦታ ጎድጉዶ ይታይ ነበር፤ ሁለት ጥንድ፣ ትልቁ በግራ፣ ትንሹ በቀኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ብገባ እንኳ እግሬ ራሱ ቦታውን ያገኘው ነበር።

በሃያ ዓመቴ የክለቦች ሻምፒዮን ሆንኩ። በዚያው ዓመት መነጽር ቤት ሥራ ያዝኩ፤ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ የሚያስቸግርዎት የቀኙ ዓይን ነው የግራው እያልኩ ስጠይቅ እውላለሁ። ይህን ሥራዬን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል። ድንቡሽ ከኋላዬ እየደረሰችብኝ ነበር፤ መጀመሪያ ስልሳ ነጥብ እበልጣት ነበር፣ ቀጥሎ ሠላሳ፣ ቀጥሎ አምስት። ስትደርስብኝ ደስ ብሎኝ ነበር ብል ማንም አያምነኝም። አንዳንድ ቀን እውነትም ደስ ይለኝ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቀስቶቿን አንድ በአንድ ብሰብርላት ደስ ይለኝ ነበር። እንጣላለን፣ እንታረቃለን፣ ሹራቤን ሳታስፈቅድ ለብሳ ትወጣለች፣ እሰድባታለሁ፣ ትሰድበኛለች። እህትማማች ነበርን።

ከአራት ዓመት በፊት ለትልቁ ውድድር፣ በአራት ዓመት አንዴ ለሚመጣው፣ ሦስት ሴቶች ሊመረጡ ሆነ። ሁለቱ ቦታ ገና ከጠዋቱ ባለቤት አግኝቷል። ሦስተኛው በእኔና በድንቡሽ መሀል ነበር። ዕጣ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ደረሰን፤ የመስመሩ ጫፍ ላይ፣ ከሌሎቹ በመተላለፊያ ተለይተን፣ እኛ ሁለታችን ብቻ። ችግሩ የግራው ኢላማ ለሷ፣ የቀኙ ለእኔ መሆኑ ነበር። በልምምዱ ሰዓት እግሬ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከግራው ፊት ቆመ። ድንቡሽ ከኋላዬ መጥታ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና፣ ኩርፊያ፣ ከቦታዬ ውረጂ አለችኝ። ሳቅን።

እኔ ግን ደንግጬ ነበር። በሌላ ውድድር ሃያ ሠላሳ ኢላማ ይደረደራል፤ ቁጥሬን አይቼ እቆማለሁ፤ ምኑም ቤቴን አይመስልም። እዚህ ግን ሁለት ኢላማ ነው፣ አጠገቤ ድንቡሽ ናት፤ ቁርጥ ቤቴን፣ ግን ተገልብጦ። ከዳኛው እስክሪብቶ ተዋስኩ። አውታር ስንስብ ሦስት ጣቶቻችንን የምንሸፍንበት ቆዳ አለ፤ የእሱ ጀርባ ላይ ጉልህ አድርጌ «ቀኝ» ብዬ ጻፍኩ። ጣቴን አውታሩ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል።

ሰባ አንድ ጊዜ አነበብኩት። ሰባ አንዱም ቀስት ወደ ቀኙ ሄደ። ድንቡሽ ሰባ ሁለቱን ጨርሳ ስድስት መቶ አርባ አንድ ነጥብ ያዘች። እኔ አንድ ቀስት እየቀረኝ ስድስት መቶ ሠላሳ አራት ነበረኝ። ስምንት ባገኝ አልፋታለሁ። ለስድስቱ ቀስት ከተፈቀደው ሰዓት ሃያ ሰከንድ ቀርቶኝ ነበር። ደጋኑን አነሳሁ። ከዚያ የሆነውን ለማስረዳት ይቸግረኛል፤ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። አሰልጣኙ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የለመነኝ ነገር ያን ጊዜ ሳይጠራ መጣ። አላሰብኩም፣ አልፈራሁም፣ አላነበብኩም። ጠቅ አለች፣ ጣቴ ለቀቀ። በሕይወቴ እንደዚያች ቀስት የጣፈጠችኝ የለችም። ሄዳ ከእምብርቱ መሀል ገባች። የግራው ኢላማ እምብርት ነበር።

ሕጉ አጭር ነው፤ በሌላ ሰው ኢላማ ላይ የገባች ቀስት ዜሮ ናት። ነጥብ ልናስመዘግብ ስንሄድ በድንቡሽ ኢላማ ላይ ሰባት ቀስት ነበረ። ስድስቱ ባለ ቀይ ላባ የሷ፣ ሰባተኛዋ ባለ አረንጓዴ ላባ የእኔ። ከሰባቱ ደግሞ ቆንጆዋ እሷ ነበረች። ዳኛው ነቀላትና አቀበለኝ።

ተሳሳትኩ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ድንቡሽ ቀደመችኝ። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ እያለች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አሰልጣኙ መጣ፤ ዓይኑ ረጥቧል፤ በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም አለ። ሌሎቹ ቀስተኞች ከበቡኝ፤ አንዷማ እጄን ሳመችው። እስቲ አስቡት። ቀኝና ግራ ዓይን ስትለይ የምትውል ሴት ቀኝና ግራ ተምታቶባት የሕይወቷን ዕድል አጣች የሚል አንድ ታሪክ አለ፤ ከአጠገቡ ደግሞ ሌላኛው ታሪክ ተኳኩሎ ቆሟል። ከእኔ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዝም አልኩ። የጣት ቆዳዬን አውልቄ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወርኩና ወደ ቤት ሄድኩ።

ድንቡሽ ሄደች፤ ስድስተኛ ወጣች። በኋላም በሌሎች ውድድሮች ሁለት ነሐስና አንድ ብር አመጣች። ሦስቱንም አልጋዬ ራስጌ ሰቀለቻቸው፤ ያንቺ ናቸው አለች። ኩርፊያ ማለቷን ተወችና እታለም ትለኝ ጀመር። ማዕድ ላይ ሳልቀመጥ አትቀመጥም። ሹራቤን መልበስ ተወች። የፈለግኩትን ብናገራት አትመልስልኝም፤ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተጣላችኝም። የመጀመሪያውን ወር ደስ አለኝ። በስድስተኛው ወር እንድትሰድበኝ ልለምናት ምንም አልቀረኝም። እህቴ ከቤት ወጥታ ውለታ የከበዳት እንግዳ ገብታ ነበር።

አንድ ሕመምም ያዛት። ወሳኝ ቀስት ላይ ስትደርስ ደጋኑን ታነሳና ታወርዳለች፣ ታነሳና ታወርዳለች። ብሩን ያገኘችበትን ፍጻሜ የተሸነፈችው እንዲያ ስትል ሰዓቷ አልቆ ነው። ምክንያቱን ለእናቴ ነግራታለች፤ የመጨረሻዋን ቀስት ስይዝ ኢላማዬ ላይ አረንጓዴ ላባ ይታየኛል ብላ። እናቴ ይህንን ስትነግረኝ አቤት ስትወድሽ ብላ ነው የደመደመችው። ሌሊቱን ሁሉ ስገላበጥ አደርኩ፤ ሲነጋ ግን ሥራ ሄድኩና የሰው ዓይን ስለካ ዋልኩ።

እኔም መወርወር አልተውኩም። ትከሻዬን አሞኝ አንድ ዓመት አረፍኩ፤ ስመለስ አልሆነልኝም፤ ዘንድሮ ግን፣ በሃያ ስምንት ዓመቴ፣ እጄ እንደገና እሺ አለኝ። ትልቁ ውድድር ዞሮ መጣ። ሦስት ቦታ፤ ሁለቱ የታወቁ፤ ሦስተኛው በእኔና በእህቴ መሀል። ለእኔ የመጨረሻው ዕድል እንደሆነ እኔም ትከሻዬም እናውቃለን።

ምርጫው ሳምንት ሲቀረው እናቴ አውታር ስትሠራልኝ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ጡረታ ከወጣች ጀምሮ የሁለታችንንም አውታር የምትሠራው እሷ ናት፤ ክሩን በሁለት ችንካር ላይ ታዞራለች፣ ጫፎቹን ትጠመጥማለች፣ በሰም ታሻለች። ሰሙን እያሸች፣ ዘንድሮ እኮ አንቺ ነሽ የምትሄጂው አለችኝ። በምን አወቅሽ ብላት ፈገግ አለች፤ ምስጢር ሲያቃጥላት እንዲያ ነው የምታደርገው። ብዙም አልቆየች፣ አወጣችው። ድንቡሽ ነጥባችን ከተቀራረበ ሆን ብላ ልትሸነፍልኝ ነው። ውለታዬን የምትመልስበት ቀን እሱ ነው ብላለች። እንዳትነግሪያት ብላም አስምላታለች። እናቴ አውታሩን አቀበለችኝና፣ እንግዲህ አልሰማሽም አለችኝ።

ሦስት ቀን አልሰማሁም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ለራሴ ያላልኩት የለም፤ እሷ ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ሌላ ጊዜ አላት አልኩ፤ ያቺ ቀስት በቦታዋ ብትገባ ኖሮ ያኔም የምሄደው እኔ ነበርኩ አልኩ። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አቧራውን ጠረግኩ። ዚፑን ሁሉ ሞከርኩ።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ወደ አዳራሹ ጎራ አልኩ። ድንቡሽ ብቻዋን ነበረች፤ መግባቴን አልሰማችም። ስድስት ቀስት ወረወረች፤ ኢላማውን በምናይበት የሩቅ ማያ መነጽር ተመለከትኩ። ስድስቱም ከቢጫው ወጥተው ቀዩ ላይ፣ ስምንቱ ላይ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ተሰብስበዋል። መጀመሪያ ማነጣጠሪያዋ የተዛባ መሰለኝ። ሄዳ ነቅላ ተመልሳ ደገመችው። አሁንም ስምንት፣ ግን ትንሽ በተን አድርጋ፤ አንዷን ዘጠኝ፣ አንዷን ሰባት። ያኔ ገባኝ። መሸነፍ እየተለማመደች ነበር። ሆን ተብሎ እንዳይመስል አሳምሮ ለመሳት፣ የአሥራ አምስት ዓመት ችሎታዋን ሁሉ አውጥታ እየሠራችበት ነበር። አፈርኩ።

«ድንቡሽ» አልኳት፣ «ያን ጊዜ ተሳስቼ ነው።»

ዞራ አየችኝ። የትኛውን ጊዜ አላለችም። «እማዬ ነግራሻለች» አለች።

«ነግራኛለች። እሱን ተይው። ያቺን ቀስት ሆን ብዬ አይደለም ያንቺ ላይ የወረወርኳት። ቀኝና ግራ ተምታቶብኝ ነው።»

ፈገግ አለች፤ ለታመመ ሰው እንደሚሰጠው ያለ ፈገግታ። እንዲህ እንደምትይ አውቅ ነበር አለችኝ፤ ሐሳቤን ለማስጣል ብለሽ ራስሽን ጅል ታደርጊያለሽ፣ አንቺ እኮ እንደዚህ ነሽ። ማልኩላት። ለሰው ስትል በሐሰት የምትምል እህት አድርጋ አየችኝ። ተቆጣሁ፤ ቁጣዬም ትሕትና ሆኖ ተቆጠረልኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያደነቁትን ሰው አፈራርሰው ማለት ለካ ከባድ ነው፣ ያውም ራሱ ሰውየው ቢጠይቅ።

እጇን ይዤ ጎትቼ የቆምንበት ወለል ላይ አመጣኋት። የእኔ እግር የቱ ጋ ነው አልኳት። በግራ አለች። ያን ቀን የት ነበርኩ አልኳት። በቀኝ አለች፤ ግን እታለም፣ ሰባ አንዱን በትክክል ወርውረሽ እንዴት የመጨረሻዋ ላይ ይጠፋሻል አለችኝ።

«ሰባ አንዱን ስላነበብኩ ነዋ» አልኳት። «ጽፌው ነበር። የጣት ቆዳዬ ጀርባ ላይ ቀኝ ብዬ ጽፌ፣ በየቀስቱ እያነበብኩ ነው የወረወርኩት። የመጨረሻዋን ሳላነብ ለቀቅኳት። እጄ ወደ ቤቱ ሄደ።»

የድንቡሽ ፊት ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁ። ቀስት የምትይዝበትን ኮሮጆ ከወገቧ ፈታች፤ የጎን ኪሱን ዚፕ ከፍታ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አወጣች፤ ከከረጢቷ ውስጥ የእኔን የጣት ቆዳ አወጣች። ያን ቀን ከቆሻሻ መጣያው ያነሳችው እሷ ኖራለች። እስክሪብቶው ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል።

«እኔ እኮ» አለችና ቆመች። «በቀኝ አውለኝ ብለሽ የጻፍሽው ጸሎት መስሎኝ ነበር። ሌላውን ላብ ያጠፋው መስሎኝ።»

ቆዳውን ከእጇ ወስጄ አገላበጥኩት።

«ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት እኮ ስሜው ነው የምገባው» አለች። «ዛሬም ጠዋት ስሜዋለሁ።»

«አቅጣጫ ነው የሳምሽው» አልኳት።

ማናችን ቀድመን እንደሳቅን አላስታውስም። ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሳቅን፤ አንዳችን ስናቆም ሌላዋ ቆዳውን እያነሳች ታነበዋለች፣ እንደገና እንጀምራለን። ከዚያ ድንቡሽ ሳቋን አቆመች። ተነሳችና፣ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸችብኝ። ራስጌሽ ሜዳሊያ ስሰቅል ዝም ብለሽ ታይኝ ነበር አለች። ፍጻሜ ላይ ደጋን ይዤ ስንቀጠቀጥ አንቺ ቤት ተቀምጠሽ በቴሌቪዥን ታይኝ ነበር አለች። ለሹራቡም ሳይቀር ጮኸችብኝ፤ ብርድ ሲመታኝ እንኳ እኮ አልለበስኩትም አለች። በሁሉም ልክ ነበረች። አልተከላከልኩም። ደክሟት ስታበቃ አንድ ነገር ቀርቷት ነበር።

«እና እኔ የሄድኩት በስህተትሽ ነው።»

«አንዷን ነፋስ ያስታታል፣ አንዷ እጇ ይንቀጠቀጥባታል፣ እኔን ቀኝና ግራ አሳተኝ» አልኳት። «አንቺ ሰባ ሁለቱንም ኢላማሽ ላይ አስገባሽ። እኔ ሰባ አንድ። ሌላ ታሪክ የለውም።»

አሰብ አደረገችና፣ ሜዳሊያዎቼን ዛሬውኑ እወስዳለሁ አለችኝ። ውሰጂ አልኳት።

ቤት እንደደረስን ለእናቴ የነገረቻት እሷ ናት። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ ከዚያ ከወንበሯ ሳትነሳ የራሷን አመጣች። ክሩ ወደ ቀኝ ከተጠመዘዘ ገመዱ ወደ ግራ ነው የሚገመደው፤ እኛ ከመወለዳችን በፊት አንድ ቀን አቅጣጫው ተምታቶባት፣ ሰማንያ ሜትር ገመድ ከመንጠቆው ሲለቀቅ ወለሉ ላይ ተዘርክፎ ተፈታ። ለአለቃዋ ክሩ መጥፎ ነው አለችው። እስከዚያች ቀን ለማንም አልተናገረችም ነበር። ከእኔ ነው የወረስሽው አለችኝ፤ ስህተቱን ይሁን ዝምታውን አላብራራችም። ከዚያ ግን ሌላ ሐሳብ ያዛት፤ ለሰው ሁሉ ተናግሬ ጨርሻለሁ፣ አሁን በየቤቱ እየዞርኩ ላስተባብል ነው፣ ያ የጥርስ ሐኪምስ ምን ይለኛል አለች። ድንቡሽ በዚያው ገብታ ሜዳሊያዎቹን ከራስጌዬ አወረደች። ስትወጣ ሹራቤን ለብሳለች።

የምርጫው ቀን ዕጣው አራራቀን፤ እኔ ሁለተኛው ኢላማ ላይ፣ እሷ ስድስተኛው ላይ። ሊጀመር ሲል ድንቡሽ መጣችና አሮጌውን የጣት ቆዳ ወረወረችልኝ። ከ«ቀኝ» ሥር በአዲስ ቀለም ጨምራበታለች፤ «ሁለት ቁጥር። የምታነቢው ከገባሽ።» እሱኑ አድርጌ ወረወርኩ። እሷ ምንም ሳትስም ገባች።

ቀኑን ሙሉ ተናነቅን። አንዴ በሦስት ነጥብ እመራለሁ፣ አንዴ በሁለት ትመራለች። ስምንት ስምንቷን ትጥል እንደሆነ ብዬ በማያ መነጽሩ ሰለልኳት፤ አንዷንም ለእኔ ብላ አልጣለችም፤ የሳተቻቸው የእውነት ስህተት ነበሩ፣ ፊቷ ላይ ይታወቃል። ሰባ ሁለተኛዬን ለቅቄ ስጨርስ ስድስት መቶ አርባ ስምንት ሆንኩ። በአራት ዓመት ውስጥ ከወረወርኩት ሁሉ የተሻለው ነበር። ድንቡሽ አንድ ቀስት እየቀራት ስድስት መቶ አርባ ነበራት። ስምንት ብታገኝ እኩል እንሆናለን። ዘጠኝ ብታገኝ እሷ ትሄዳለች።

አርባ ሰከንድ ነበራት። ደጋኑን አነሳች፣ አወረደችው። ሠላሳ ሰከንድ። ቀና ብላ በመስመሩ ላይ አሻግራ አየችኝ። ያኔ ምን እንደተመኘሁ እናገራለሁ፤ ሰባት ተመኘሁ። እህቴ ናት፣ እወዳታለሁ፣ ሰባት እንድታገኝ ግን ከልቤ ተመኘሁ። ፊቴ ላይ አንብባው መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ፈገግ አለች። ዞረች፣ ደጋኑን አነሳች፣ ሳበች፣ አላወረደችውም። ዘጠኝ።

አሰልጣኙ ዓይኑ እንደተለመደው ረጥቦ ወደ እኔ መጣ። እሱ የሚያውቀው የድሮውን ታሪክ ነው። እህትሽ ስትሄድ ከማንም በላይ የምትደሰቺው አንቺ ነሽ አለኝ። ታሪኩ እንደገና ተኳኩሎ አጠገቤ ቆመ፤ አሁንም የሚፈለግብኝ ዝም ማለት ብቻ ነበር።

«አይ፣ ከፍቶኛል» አልኩት። «መሄድ እፈልግ ነበር። በአንድ ነጥብ ተሸነፍኩ።»

ድንቡሽ ከኋላው ደርሳ ነበር፤ ሰማችኝ። አላቀፈችኝም፣ አላለቀሰችም። ፊቷ ቀስ ብሎ በራ፤ ደጋኗን በሁለት እጇ ወደ ላይ አንስታ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ሁለት ጊዜ ዘለለች።

«አሸነፍኩሽ፣ ኩርፊያ» አለችኝ።

አለቀስኩ፤ ግማሹ ንዴት ነበር። ከዚያ ነጥብ ልናስመዘግብ ሰባውን ሜትር አብረን ሄድን፤ መንገድ ላይ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፣ እኔም መለስኩላት። መጀመሪያ የሷ ኢላማ ጋ ቆምን። ስድስት ቀስት ነበረበት። ቆጠርኳቸው፤ ስድስቱም ባለ ቀይ ላባ ነበሩ።